በጠርሙስ የቆየ እንግጫ

የስሜነሽ በላቸው የዕለት ተግባራት፦

ቢሮ መክፈት።
ጠረጴዛና ማዞሪያ መወልወል።
የባትሪ ድንጋዮችን መፈተሽ።
ከደጀን ጋር መስመር መሞከር።
ከሞጣ ጋር መስመር መሞከር።
ጥሪ መቀበል፣ ማገናኘት፣ መመዝገብ።
የሚፈለገውን ሰው በመልእክተኛ ማስጠራት።
የተቆረጠ መስመር ለደብረ ማርቆስ ማሳወቅ።
ቢሮ መዝጋት።
በዓል ቢሆንም ባይሆንም ከላይ የተጻፈውን መፈጸም።

ስሜነሽ በቢቸና ስልክ ቤት ይህን ሥራ ስትይዝ ዕድሜዋ ሃያ ዓመት ነበር። ተወልዳ ያደገችው ሞጣ ነው። አባቷ በሕፃንነቷ ስለ ሞቱ፣ እናቷ ወይዘሮ ፈንታነሽ በጓሯቸው ያለውን ጌሾ እየለቀሙ፣ እያደረቁና ገበያ እያወጡ አስተማሯት። ስምንተኛ ክፍልን እንደ ጨረሰች ለስልክ ሥራ ተመለመለች፤ ሥልጠናዋን አዲስ አበባ ፈጽማ ቢቸና ተመደበች። ወይዘሮ ፈንታነሽ ምደባውን ሲሰሙ፣ «ቢቸና ከሆነች ሞጣ አለች ማለት ነው» ብለው ነበር። ልጅቱም እንዲሁ አስባ ነበር። ሁለቱም የዘነጉት ክረምቱን ነው። በበጋ ከቢቸና ወደ ሞጣ የጭነት መኪና አይጠፋም፤ ክረምት ሲገባ ግን መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ ወንዙ ይሞላል፣ መኪናውም እስከ ጥቅምት ማለቂያ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ የዘመን መለወጫ በዓል በመጣ ቁጥር ስሜነሽ ቢቸና፣ እናቷ ሞጣ ሆነው ይውላሉ።

በሁለቱ መካከል የነበረው ሽቦው ብቻ ነው። በየማለዳው የሞጣዋ ስልከኛ ሳብሪያ ከሊፋ መስመር ለመሞከር ትደውላለች። ሳብሪያ የነጋዴ ልጅ ናት፤ የአባቷ ቤት ከወይዘሮ ፈንታነሽ ቤት ጋር አንድ አጥር ይጋራል፤ ሁለቱ ልጆች በዚያ አጥር ቀዳዳ እየሾለኩ አብረው አድገዋል። ሙከራው ካለቀ በኋላ ስሜነሽ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትለምናታለች።

«መነጋገሪያውን በመስኮት አውጪልኝ።»

ሳብሪያም ታወጣላታለች። ስሜነሽ ዓይኗን ጨፍና የሞጣን ድምፅ ትሰማለች፤ በቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ፣ የአህያ ነጂዎቹን ጩኸት፣ አንዳንድ ቀንም የቤተ ክርስቲያኑን ደወል። ከዚያ ሳብሪያ መነጋገሪያውን መልሳ፣ «በቃሽ፤ እጄ ረጠበ» ትላታለች።

አሁን ስለ እንግጫ መናገር ያስፈልጋል፤ የስሜነሽ ነገር ሁሉ የተያዘው በእርሱ ነውና። እንግጫ በክረምት በረግረጋማ መስክ ላይ የሚበቅል፣ ቅጠሉ ቀጭን፣ ሥሩ ነጭ የሆነ ሣር ነው። በዘመን መለወጫ ዋዜማ ያላገቡ ልጃገረዶች እየዘፈኑ ወደ መስክ ይወርዱና በእጃቸው ከነሥሩ ይነቅሉታል። ከአደይ አበባ ጋር ይጎነጉኑታል፤ በማግስቱ ማለዳ በእናታቸውና በአባታቸው ራስ ላይ አድርገው ይመረቃሉ፤ በኋላም ጉንጉኑ በቤቱ ምሰሶ ላይ ይታሰራል። ሴት ልጅ ያለችበት ቤት ምሰሶ በዓመት በዓል ባዶውን አይቆምም። ያገባች ሴት ደግሞ እንግጫ አትነቅልም፤ ያ ዘመኗ አልፏል።

የወይዘሮ ፈንታነሽ ምሰሶ በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ባዶውን ቆመ። በስድሳ አንድም ባዶውን ቆመ። የስድሳ ሁለት ዘመን መለወጫ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ማለዳ መስመር ሲሞከር ሳብሪያ እንዲህ አለች፦

«ሃሎ ቢቸና። እናትሽ እዚህ ናቸው። መነጋገሪያውን እንደ በትር ጨብጠውታል፤ እንዳይመቱኝ እፈራለሁ።»

ወዲያው የወይዘሮ ፈንታነሽ ድምፅ መጣ።

«አንቺ ልጅ! ትሰሚያለሽ?»

«እሰማለሁ እምዬ። አትጩኺ፤ ቀስ ብለሽ ብትናገሪም ይሰማል።»

«ቢቸና ድረስ ሳልጮህ እንዴት ይሰማል? ይልቅ ንገሪኝ፤ ዘንድሮም አትመጪም አይደል?»

«መንገዱስ የት አለ? ማዞሪያውንስ ማን ይይዘዋል?»

«እንግዲያው ሦስተኛው ሆነ። የጥሩአየሁ ልጅ አምና መጥታ የእኔን እንግጫ ላድርግልዎ አለችኝ። ባለ ዕዳዬ ቢቸና አለች፣ ከሌላ አልቀበልም ብዬ ሰደድኳት።»

«እከፍልሻለሁ እምዬ።»

«መቼ ነው የምትከፍይኝ? በጥር ልትዳሪ! ከጥር ወዲያ ምኑን ትነቅያለሽ? የሦስት ዓመት እንግጫ በልተሽብኝ ልትሄጂ ነው።»

ይህን የተናገሩት በሣቅ ነበር፤ ሳብሪያም ሣቀች። ስሜነሽ ግን አልሣቀችም። ለጥር የታጨችው ስማቸው ለሚባል የሉማሜ መምህር ነው። መምህሩ ወደ ነቀምት ተዛውሯል፤ ከሠርጉ በኋላ ይዟት ይሄዳል። ሥራዋንም ትለቃለች። ከጥር በኋላ እንግጫ መንቀል አይቻላትም፤ ከኅዳር በኋላም በሞጣም ሆነ በቢቸና የሚነቀል እንግጫ አይገኝም፤ መስኩ ለከብት ይለቀቅና ሣሩ እስከ ሥሩ ይጋጣል። የእረፍት ፈቃድ የምታገኘው በታኅሣሥ ነው። እንግጫ ያለው በመስከረም፣ እሷ ወደ እናቷ መድረስ የምትችለው በታኅሣሥ ሆነ። ስለዚህ በዚያ ዓመት የመስከረምን ሣር ሕያው አድርጋ ለታኅሣሥ ካላደረሰች፣ የእናቷ ዕዳ እስከ መቼም እንዳለ ይቀራል።

ሣሩን በጠርሙስ ማቆየት እንደሚቻል ያሰበችው ከባለ ሱቁ ከአቶ ፋንታ ዘንድ ቆማ ሳለ ነው። በመደርደሪያው ላይ አፉ ሰፊ፣ ሆዱ ክብ የሆነ ትልቅ የከረሜላ ጠርሙስ አየች።

«ይህን ጠርሙስ ይሽጡልኝ» አለቻቸው።

«ከረሜላው ሳያልቅ ጠርሙሱን ብሸጥ ከረሜላውን በኪሴ ልይዘው ነው?» አሉ አቶ ፋንታ።

ከረሜላውን ከነጠርሙሱ ገዛች። በዚያ ሳምንት ቢቸና ስልክ ቤት የገባ ሰው ሁሉ፣ የአውራጃ ጸሐፊም ሆነ የእህል ነጋዴ፣ ጉንጩን በከረሜላ ነፍቶ ወጣ።

የዋዜማው ዕለት ሲመሽ ቢሮዋን ዘግታ ወደ መስኩ ወረደች። ልጃገረዶቹ ነቅለው ተመልሰዋል። ለብቻዋ ጎንበስ ብላ፣ እናቷ እንዳስተማሯት ሣሩን ከግርጌው በእጇ ጠቅልላ ሳበች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ይህን ብቻ ነው፤ በዚያ አገር በእንግጫ ላይ ብረት ያነሣች ልጃገረድ አልነበረችም። የነቀለችውን ወስዳ በጠርሙሱ ውስጥ ጥቁር አፈር ሞላችና ተከለችው። ሣሩ የረግረግ ነውና ውኃ ይወዳል ብላ እስኪጥለቀለቅ አጠጣችው። ክዳኑን ገጥማ በመስኮቱ ላይ፣ ፀሐይ በሚገባበት በኩል አኖረችው።

ሳምንት ሳይሞላው ሣሩ ቢጫ ሆነ፤ ቀጥሎ ጠቆረ፤ ቀጥሎ ሸተተ።

ያን ሰሞን የጤና ጣቢያው ሳኒታሪያን አቶ ሐምዱ ወደ ደብረ ማርቆስ ሊደውል መጣ። አቶ ሐምዱ የሐረር ሰው ነው፤ ሥራው የከተማውን ምንጭና መጸዳጃ መቆጣጠር ነበር። ከበሩ እንደ ገባ አፍንጫውን ወደ ላይ አደረገ።

«የቢቸናን ሽታ ሁሉ በየሰፈሩ ለይቼ አውቃለሁ» አለ። «ይህ ግን አዲስ ነው።»

ስሜነሽ በሀፍረት ጠርሙሱን አሳየችው። ነገሩንም ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው። አቶ ሐምዱ ክዳኑን ከፍቶ አንዱን ሣር መዘዘና ሥሩን በጣቱ ዘረጋው።

«ይህ እኮ ስትተክይው ሞቶ ነበር። ጸጉር የመሰሉት ሥሮች በመስኩ ቀርተዋል። የሚጠጣው በእነርሱ ነው። በላዩም አሰጠምሽው። በላዩም በፀሐይ ቀቀልሽው።»

«እንግዲያው አይሆንም ማለት ነው?»

«ይሆናል እንጂ! ጎንደር ስንማር አስተማሪያችን በጠረጴዛው ላይ የተዘጋ ጠርሙስ ነበረው። ውስጡ ቅጠል ይበቅላል፤ እኛ እዚያ ሳለን ውኃ ሲያጠጣው አላየንም። ውኃው ከአፈሩ በሙቀት ይነሣል፣ መስተዋቱን ያልበዋል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ትንሽ ዝናብ በይው። ከታች ጠጠር፣ ከጠጠሩ በላይ ከሰል፣ ከዚያ አፈር። ሣሩን ግን ከነአፈሩ ቆፍረሽ ታወጪዋለሽ እንጂ አትነቅይውም። ብርሃን ስጪው፤ ፀሐይ አትስጪው።»

ክዳኑን መልሶ ገጠመና፣ «እኔ የሐረርን ጓሮ በጠርሙስ ላስገባ ብል ጠርሙሱ አይበቃኝም። ሮማኑ ብቻ ሰባብሮት ይወጣል» ብሎ ሣቀ። ስልኩ ሲገናኝለት ድምፁ እንደ ቀድሞው አልነበረም።

በማግስቱ ስሜነሽ ሳብሪያን እናቷን እንድታስጠራ ለመነቻት። ወይዘሮ ፈንታነሽ መጡ። ልጃቸው የተባለችውን ስትነግራቸው ሽቦው ላይ ጩኸት ሆነ።

«በዶማ? እንግጫ በዶማ? ድንች ነው እንዴ!»

«ካልተቆፈረ ይሞታል እምዬ።»

«ይሙታ! እንግጫ በእጅ ነው የሚነቀል። ሥሩ መሬቱን ሲለቅ ለእጅሽ ሊሰማው ይገባል። በዶማ የወጣውን ለበሬ ስጪው፤ እኔ አልቀበልም።»

«እማማ፣ ቀስ ይበሉ፤ ሽቦው ሊቀልጥ ነው» አለች ሳብሪያ።

ስሜነሽ ጥቂት አሰበች። ቀጥላም እንዲህ አለች፦

«እምዬ፣ እዚህ አልነቅለውም። ሣሩን ከቆመበት አፈር ሳልለይ መሬቱን አነሣዋለሁ። መስኩን ራሱን ይዤልሽ እመጣለሁ። ንቀላው ያንቺ ቤት ይሆናል፤ ፊትሽ ቆሜ፣ በዚህ በእጄ።»

ወይዘሮ ፈንታነሽ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያን ጊዜ ታኅሣሥ ነው» አሉ። «የታኅሣሥ እንግጫ ምን ይሉት ነው? ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል?»

«ጠርሙሱን ዘግቼ ካልከፈትኩት ውስጡ መስከረም ነው። አፈሩ የመስከረም ነው፤ ውኃው የመስከረም ዝናብ ነው፤ ከዚያ አይወጣም፣ ሌላም አይገባም።»

«ሲጠማው ውኃ ብትጨምሪበትስ?»

«አልጨምርም።»

«አንዲት ጠብታ ብትጨምሪ አልቀበልም።»

«አንዲት ጠብታ አልጨምርም።»

«እንግዲያው ይሁን። አደዩን ምሬሻለሁ፤ አደይ በጠርሙስ አይኖርም። እንግጫውን ግን የሦስት ዓመት ሙሉ ሦስት ጉንጉን እፈልጋለሁ።»

«እማማን ገበያ ላይ ያገኘ ነጋዴ አለቀለት» አለች ሳብሪያ፤ መስመሩም ተዘጋ።

ከመስቀል በፊት በነበረው እሑድ፣ ዝናብ አባርቶ ሳለ፣ ስሜነሽ ሥራውን ጀመረች። ጠርሙሱን በፈላ ውኃና በአመድ አጥባ የሽታውን ርዝራዥ አስለቀቀች፤ አፉን ወደ ታች ደፍታ አደረቀችው። ከወንዙ ዳር ባቄላ የሚያክል ጠጠር ለቀመችና አጠበች። ከሰሉን በጨርቅ ጠቅልላ በድንጋይ ቀጠቀጠችው፤ ዱቄቱን አራግፋ ፍርክስካሹን ብቻ አስቀረች። ከዚያ መኮትኮቻና ምንቸት ይዛ ወደ መስኩ ወረደች። የመኮትኮቻውን ስለት በመጀመሪያው ሣር አጠገብ ስትሰነዝር እጇ እንደ ተሸማቀቀ በኋላ ለሳብሪያ ነግራታለች። ከሣሩ ዙሪያ ርቃ ቆረጠች፤ ከታች ገባች፤ እንደ ዳቦ ቁራሽ ከነአፈሩ አነሣችው። የሚበቃትን ያህል አንሥታ ምንቸቱን ሞላች። በምንጩ ድንጋይም ላይ የበቀለውን፣ እንደ ከፋይ ጨርቅ የለሰለሰውን አረንጓዴ ልብስ በጥፍሯ ልጣ ወሰደች።

የጠርሙሱ አፍ ባዶ እጇን ያስገባ ነበር፤ አፈር የጨበጠ እጇን ግን አያስገባም። ጠጠሩን አፈሰሰች፤ ከሰሉን አነጠፈችበት፤ ከመስኩ ባመጣችው አፈር ሸፈነችው። ከዚያ እያንዳንዱን የሣር ጉብታ በሁለት ረጃጅም የሸምበቆ ስንጣሪ ይዛ አወረደችና በየቦታው አስቀመጠችው። በጉብታዎቹ መካከል የቀረውን ክፍተት በማንኪያ አፈር ሞላች፤ ማንኪያውን ከሸምበቆ ጋር አስራ ነበር። በባዶው ላይ አረንጓዴውን ልብስ አለበሰች። ውኃው ቀረ። ዝናብ እስኪመጣ ጠበቀች። ማታውን ዘነበ፤ ከጣሪያው የወረደውን በጣሳ ተቀብላ በጠርሙሱ ጎን ቀስ አድርጋ አወረደች፤ ጠጠሩ ላይ መድረሱን ስታይ አቆመች። ክዳኑን ገጠመች፤ ጠርዙንም በቀለጠ ሰም ዘጋችው። ጠርሙሱን ፀሐይ በማያገኘው በሰሜኑ መስኮት አጠገብ፣ ከማዞሪያው በስተ ግራ አስቀመጠች።

በማግስቱ ማለዳ ቢሮውን ስትከፍት መስተዋቱን አልቦት አገኘችው። ውስጡ ጉም ነበር፤ እንደ ሞጣ ማለዳ። ፀሐይ ከፍ ሲል ጉሙ ጠብታ ሆነ፤ ጠብታውም እየተንሸራተተ ወረደ። ሳብሪያ ስትደውል የመጀመሪያው ወሬ ይህ ሆነ።

«ሃሎ ሞጣ። ዘነበልኝ።»

«እዚህ ግን አባርቷል።»

«ጠርሙሱ ውስጥ ነው።»

«አንቺ ልጅ ከማግባትሽ በፊት ታምመሽ እንዳይሆን» አለች ሳብሪያ።

ጥቅምት ገባ። ሣሩ ያዘ፤ አዲስ ቅጠልም አወጣ። ጉዳይ ያለውም የሌለውም ጠርሙሱን ሊያይ ስልክ ቤት ይመጣ ጀመር። አንዳንዱ ጎንበስ ብሎ ይመለከትና፣ «ውኃ የሚያጠጣው ማነው?» ይላል። ስሜነሽም፣ «ራሱ ነው» ትላለች። ሰውየው ተሣልቃብኝ ይሆን ብሎ ፊቷን ያያል፤ እሷ ግን ወደ ማዞሪያዋ ዞራለች።

በኅዳር መጀመሪያ ክፉ ሳምንት መጣ። ስሜነሽ ለሁለት ቀን ወደ ደጀን ለሥራ ተጠርታ ሳለ፣ ቢሮውን የጠረገው መልእክተኛ ጠርሙሱን አክብሮ ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት አዛወረው፤ ብርድ መታው ብሎ አዝኖ ነበር። ስትመለስ በአንድ በኩል ሰሙ ቀልጦ ወርዷል፤ ከክዳኑ ሥር ክፍተት ይታያል። መስተዋቱ ደርቋል። የሣሩ ጫፍ ተጎንብሷል፤ የድንጋዩ ልብስም ወደ ቡናማነት ተለውጧል። ጠርሙሱን ወደ ጥላው መለሰች፤ ሰሙን አቅልጣ ዳግመኛ ዘጋች። ያመለጠው የመስከረም ውኃ ግን አይመለስም።

አቶ ሐምዱ አይቶ፣ «አንድ ብርጭቆ ውኃ ጨምሪበትና ይዳን» አላት።

«ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ሞጣ ያሉ ሴትዮ ቢቸና ያለውን ጠብታ ያያሉ?»

«አያዩም። እኔ ግን ራሳቸው ላይ ሳስር አየዋለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜነሽ ማለዳ ማለዳ ከደጀን በፊት፣ ከሞጣም በፊት ጠርሙሱን ታያለች። ደረቅ ነው። በማግስቱም ደረቅ ነው። ሳብሪያ፣ «ዛሬስ?» ስትላት፣ «ገና» ትላለች። ከጠረጴዛው ሥር በውኃ የተሞላ ማሰሮ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጣሳውን ነክራ አንሥታ ራሷ ጠጣችውና ተቀመጠች። በዚያው ሳምንት መጨረሻ የኅዳር ብርድ ጠነከረ። አንድ ማለዳ ብትገባ፣ ከጠርሙሱ ትከሻ ሥር፣ ጥፍር የምታክል ቦታ ላይ፣ ጭጋግ አየች። በማግስቱ ጭጋጉ ሰፋ። ውኃው ሁሉ አልጠፋም ነበር፤ ከጠጠሩ ሥር የተጠራቀመው ተርፏል። ከሣሩ ከፊሉ ሞተ፤ የተረፈው ቀና አለ።

የምሥራቹን ለእናቷ ልትነግር ብትጠብቅ ግን ወይዘሮ ፈንታነሽ ወደ ስልክ ቤት መምጣት ትተዋል።

«እግሬን አመመኝ ይላሉ» አለች ሳብሪያ።

«እውነት አሟት ነው?»

«ቅዳሜ ጌሾ ተሸክመው ገበያ ሲሄዱ አይቻለሁ። ስጠራቸው አልሰማሁም አሉ። እሺ፣ ምን ልበልሽ? እንግጫው ደህና ነው ስላቸው፣ ‘አይ፣ ደግ’ ብለው ወደ ጓሮ ዞሩ።»

ስሜነሽ ነገሩ አልገባትም፤ ግን ከበዳት።

ታኅሣሥ ላይ ተተኪዋ መጣች። ስሜነሽ ማዞሪያውን አስረክባ፣ ጠርሙሱን በጋቢ ጠቅልላ፣ ወደ ሞጣ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጣች። ረዳቱ ጠርሙሱን ከእህሉ ጆንያ ላይ ልጣልልሽ ቢላት እምቢ ብላ በጭኗ አቀፈችው። ከጎኗ የተቀመጡት ገበሬ መንገዱን ሙሉ ሲያዩት ቆዩና መቻል አቃታቸው።

«እታለም፣ ጠጅ ነው?»

«አይደለም፣ አባባ።»

«ታዲያ ምንድን ነው እንደ ሕፃን የታቀፍሽው?»

ስሜነሽ የጋቢውን ጫፍ ገለጥ አድርጋ አሳየቻቸው። ሰውየው የላበውን መስተዋት፣ የለመለመውን ሣር አዩ፤ ከዚያ ከመኪናው ውጭ ያለውን የደረቀ መስክ አዩ።

«ይህስ መስከረም ነው» አሉ።

«አዎን» አለች ስሜነሽ፤ ሸፈነችውም።

ሞጣ ስትደርስ ወይዘሮ ፈንታነሽ ደጅ ቆመው ነበር። እግራቸው ደህና ነው። ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙ፤ ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ከምሰሶው ሥር አኖሩት፤ ቁጭ ብለውም ለረጅም ጊዜ አዩት። ስሜነሽ፣ «ልንቀልልሽ?» ብትላቸው፣ «ዛሬ ደክመሻል፤ ነገ» አሉ። በማግስቱ እንግዳ መጣ አሉ። በሦስተኛው ቀን ገበያ ነው አሉ። ሳብሪያ ከሥራ ወጥታ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ፣ «እማማ፣ ንቀላው መቼ ነው? እኔም ልዘፍን ተዘጋጅቻለሁ» ብትል ተቆጧት።

«ምን ያስቸኩላችኋል? ጠርሙሱ እንዳለ ያምራል። እስከ ሠርጉ ይቀመጥ።»

ስሜነሽ ያን ጊዜ አስተዋለች። ጠርሙሱ በነጠላ ተሸፍኗል፤ እናቷም ሲወጡና ሲገቡ ነጠላውን እየገለጡ ያዩታል፣ መልሰውም ይሸፍኑታል። አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እምዬ፣ እንድከፍልሽ አትፈልጊም እንዴ?»

ወይዘሮ ፈንታነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ስልክ ቤት እየሄድኩ ዕዳሽን ዕዳሽን አልኩሽ» አሉ። «ሌላ ምን እልሽ ነበር? ናፈቅሽኝ ብዬ ልጩህ? ያ ሁሉ ሰው ወረፋ ይዞ እየሰማኝ? ዕዳ ካለብሽ ትመጫለሽ ብዬ ነበር። አሁን ከከፈልሽኝ በምን እጠራሻለሁ? ነቀምት የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። አንቺም ማዞሪያው ላይ አትኖሪም።»

ሣሩ ባይነቀል ምሰሶው ባዶውን እንደ ቆመ ይቀራል፤ ስሜነሽም የእናቷን ዕዳ ይዛ ነቀምት ትሄዳለች። ይህን ሦስቱም ያውቃሉ።

መጀመሪያ የተነሡት ወይዘሮ ፈንታነሽ ናቸው። ነጠላውን ገለጡ፤ ጎንበስ ብለው የክዳኑን ሰም በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዙሪያውን ፈለቀቁት።

«ልጄን ባለ ዕዳ አድርጌ አልድርም» አሉ። «ነይ፤ ንቀይ።»

ክዳኑ ሲነሣ የእርጥብ መስክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ስሜነሽ እጇን እስከ አፈሩ አስገባች፤ የመጀመሪያውን እንግጫ ከግርጌው ይዛ ሳበች፤ ሥሩ አፈሩን ሲለቅ ለእጇ ተሰማው። ከአጥሩ ወዲያ ሳብሪያ ዘፈኑን ጀመረችላት፤ በልጅነቷ በቀዳዳው ሆና ስትሰማው ያደገችው ነው። ስሜነሽም ተቀበለቻት፤ እየዘፈነች ያለውን ሁሉ ነቀለች። የተረፈው ሣር ብዙ አልነበረም፤ ሦስቱ ጉንጉኖች እንደ ጣት የቀጠኑ ሆኑ። ሦስት ግን ነበሩ።

እናቷ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሻሻቸውን ፈትተው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ስሜነሽ የመጀመሪያውን አኖረች፣ ሁለተኛውን ደረበች፣ ሦስተኛውን ደረበች። ወይዘሮ ፈንታነሽ እጃቸውን በልጃቸው ራስ ላይ አድርገው ለእያንዳንዱ ዓመት ለየብቻው መረቋት። ከዚያ ተነሥተው ሦስቱንም በምሰሶው ላይ አሰሩ፤ እየነኩም ቆጠሩ።

«የሦስት ዓመት እንግጫዬን ከልጄ ከስሜነሽ ተቀብያለሁ» አሉ። «ከእንግዲህ የምጠይቃት የለኝም።»

ዕዳው ሙሉ በሙሉ ተከፈለ።